ውሃ የጠጣ ድንጋይ

ዊልፍ ፊረን ይባላል፤ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፤
በኩምብሪያ ዳርቻ ባሕር ነው ጎረቤቱ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሊት ባቡር የነዳ፣
ብረቱን አይደለም፤ የብረቱን እዳ።

በኔ ቋንቋ ስሙ አረ ብረት ነው፤
ቀጥቃጭ ከወናፉ ሥር ጠርጎ የሚጥለው።
እነሱም ባገራቸው ስም አልነፈጉትም፤
ባሕር ዳር ደፉት እንጂ፣ ዞረው አላዩትም።

አንዲት ልጅ ግን አይታዋለች።
ጋኑ ሲገለበጥ ሰማዩ ይነዳል፤
መንደሩ ያለ ጊዜው ለአፍታ ይነጋል።
ሄቲ፣ ገና ሚስቱ ሳትሆን፣ ቆማ ከመስኮቱ፣
በዚያ ቀይ ብርሃን ደብዳቤ አነበበች፤ የዊልፍ ነው ጽሕፈቱ።
"ቅዳሜ፣ ከድልድዩ ሥር" ብቻ ይላል።
(ይህን ሲያወራ ዛሬም ጆሮው ይቀላል።)

አንድ የኅዳር ሌሊት፣ ዝናብ ውሎ አድሮ፣
ከቁልቁለቱ ግርጌ ኩሬ ተቋጥሮ፣
አልፊ ስኬልተን ፋኖስ ይዞ እታች ቆሞ ነበር።
ጋኑ ተገለበጠ። እሳት ውሃ ነካ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ዊልፍ አይናገር።
ፋኖሱን አገኙት፣ ሽቦው ብቻ ቀርቶ፤
ዊልፍ ጠዋት ቤቱ ቆመ፣ ጥላሸቱን ሳይታጠብ፣
የቧንቧውን ድምፅ ፈርቶ።

ምድጃው ተዘጋ። ጭስ ማውጫው ወደቀ።
ክምሩ ግን ሣር አበቀለና ዝም ብሎ ጠበቀ።

አሁን የልጅ ልጁ ቴሳ፣ ቢጫ ቆቧን ደፍታ፣
ወንፊትና ሚዛን ከመኪና አውጥታ፣
"ባሕሩ መንገዱን በላው፤ ከተማው ግንብ ይሻል" አለች፤
"ለአርማታው ጠጠር ተራራ ለምን እንፈልጣለን?
ያያቴን የሌሊት ሥራ እንፈጨዋለን።"

"ቆሻሻ ነው እኮ!" አለ ፊቱን አኮሳትሮ።
"ደግሞ ግንበኞች የናቁት ድንጋይ እንዳትይኝ፤
ቄሱ ሰልችቶኛል።"
"አልናቁትም" አለች። "አልለኩትም እንጂ።"

ክምሩ ተናደ። ግራጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ፣
የተረሳ ዳቦ የመሰለ።
ቴሳ ጎማውን ይዛ ቧንቧውን ከፈተች፤
የተፈጨውን ጠጠር ታጠጣው ጀመረች።
ዊልፍ ወደ ኋላ ዘለለ። ከዘራው ወደቀ።
እሷ ውሃውን ዘጋች።
ምንም አልፈነዳ። እንፋሎት እንኳ የለም።

"ይጠጣል" አለችው ዝግ ብላ። "ሳይጠጣ ከገባ፣
የሲሚንቶውን ውሃ ይሰርቃል፤ ግንቡ ይሆናል ገለባ።
አስቀድሞ ከጠገበ ግን አይበላም ብቻውን፤
ቀን በቀን፣ ጠብ ጠብ፣ ይመልሳል ውሃውን።"

አጎንብሶ አንዱን አነሳ።
እርጥብ። ቀዝቃዛ።
ብዙ ቆየ መዳፉን ሳይገልጥ።
"ክፈቺው" አለ በመጨረሻ፣ "እኔ ልያዘው።"

ሃያ ስምንት ቀን ኩቦቹ ገንዳ ውስጥ ተኙ።
ዊልፍ በየጠዋቱ ይደውላል፣ "እንዴት አደሩ?" ይላል፣
እንደ ታመመ ዘመድ።

በቀኑ መኪናው ጮኸ፤ መርፌው ወጣ፣ ወጣ፤
ሠላሳን አለፈ፤ አርባን ነካና፣ ትንሽ ታገለ፣
ጧ!
ዊልፍ ዓይኑን ጨፍኗል።
ሲገልጥ፣ ቴሳ ስብራቱን ታሳየዋለች፤
ስንጥቁ ጠጠሩን ራሱን ሰንጥቆታል እንጂ
በዳር ሾልኮ አላለፈም፤ ሲሚንቶው በየቀዳዳው ገብቶ
ጣቱን ቆልፏል።
ከመሃሉም አተር የምታክል፣ ውስጧ የሚያብረቀርቅ ጉድጓድ፤
የአንድ ሌሊት ትንፋሽ፣ ታሽጋ የኖረች።
የትኛው ሌሊት እንደሆነ ማን ያውቃል።

ግማሹን ኩብ በፌስታል ይዞ ቤቱ ገባ፤
ለበር መደገፊያ ነው አለ።
"ከምንጣፌ ላይ አንሳልኝ!" አለች ሄቲ።
ቆይታ መነጽሯን አደረገች፣
ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ገለበጠችው።
"ይሄ ነው እንዴ" አለች፣ "ያኔ ያነበብኩበት?"

ጆሮው ቀላ።